የአክስቴ የወተት ደብተር፦ ባር ቻርትና በውስጡ ትንሽ ግራፍ በግኑፕሎት

መስከረም 3 ቀን 2018፣ ቅዳሜ

ሥራው እንዲህ ነው። አክስቴ ሱሉልታ ውስጥ የወተት ላሞች አሏቸው። የ2017ን ወተት ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜ 5 በደብተር መዝግበውታል። ለእያንዳንዱ ቀን ሦስት ቁጥር አለ፦ ሰብሳቢው የወሰደው፣ ጎረቤት የገዛው፣ ቤት ቀርቶ ለእርጎ የተቀመጠው። ሁሉም በሊትር ነው። እሳቸው ማየት የሚፈልጉት ጾም ሲገባ ምን ያህሉ ወተት ሳይሸጥ እንደሚቀር ነው። እንደሚቀር በደንብ ያውቃሉ። ልኩን ግን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ላም አትጾምም፤ ሰው ሲጾም ወተቱ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልሠራ ነው። አንደኛው ዓመቱን በወር በወር የሚያሳይ ባር ቻርት ነው። ሁለተኛው በዚያው ገጽ ጥግ ላይ የሚቀመጥ፣ ዐቢይ ጾምን በቀን በቀን ቀረብ አድርጎ የሚያሳይ ትንሽ ግራፍ። ሁለቱም አንድ ወረቀት ላይ መውጣት አለባቸው፤ አክስቴ ግድግዳ ላይ ሊለጥፉት ነው የሚፈልጉት።

የምጠቀመው ግኑፕሎትን ነው። ቶማስ ዊሊያምስና ኮሊን ኬሊ በ1986 ያወጡት ፕሮግራም ነው፤ እስከ ዛሬም ይታደሳል። ትእዛዝ ትጽፍለታለህ፣ ሥዕሉን ያወጣልሃል። ላፕቶፔ አሮጌ ነው። ኡቡንቱ 22.04 የሚባለው ስርዓተ ክወና ነው የተጫነበት፣ ከእሱ ጋር የሚገኘው ግኑፕሎት ደግሞ 5.4 ነው። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ እዚህ ኔትወርክ ሲጠፋም ሥራው ይቀጥላል። ከምንም በላይ የወደድኩለት ግን ትእዛዞቹ በአንድ ፋይል መቀመጣቸው ነው። ዘንድሮ የለፋሁበት ለከርሞ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቀኛል።

ትእዛዞቹን እዚህ የምጽፋቸው እንደምንጠራቸው፣ በእኛው ፊደል ነው። «ሴት» የሚለው ‹አድርግ› ማለት ነው፣ «አንሴት» ደግሞ ‹አንሣ›። ኮምፒውተሩ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል፣ ያውም በትንንሾቹ ነው።

መስከረም 4፣ እሁድ

ዛሬ ደብተሩን ወደ ፋይል ማስገባት ነበር። የአክስቴ ልጅ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ነው፣ ቁጥሮቹ በኮማ ይለያያሉ። አንድ መስመር ይህን ይመስላል፦ 6,17,12,9,8። ስድስተኛው ወር፣ 17ኛው ቀን፤ ከዚያ ሰብሳቢ፣ ጎረቤት፣ እርጎ። ግኑፕሎትን «ሴት ዳታፋይል ሴፓሬተር ኮማ» ብሎ ማስጠንቀቅ ግድ ነው። ካልተነገረው ዓምዶቹን የሚለየው በባዶ ቦታ ነው።

አንዳንዱ ገጽ ላይ ቀናት ተዘለዋል። ለቅሶ የነበረበት፣ ሠርግ የነበረበት ሳምንት ነው። ላሞቹ ግን በዚያም ሳምንት ታልበዋል። እነዚህን ቀናት በዜሮ መሙላት «ወተት አልነበረም» ማለት ነው፤ የወሩንም አማካይ ያለ አግባብ ያወርደዋል። ስለዚህ ያልተጻፈ ቀን ፋይሉ ውስጥ መስመር የለውም። ባዶውን በግምት እንሙላው የሚል ሐሳብም ተነሥቶ ነበር። አልተቀበልኩትም። አክስቴ በየማታው እየጻፉ የያዙት ነገር ላይ እኔ ከራሴ አንድም ቁጥር አልጨምርበትም።

ማታ ላይ ፋይሉን በ«ስታትስ» ፈተሽኩት። ዓምዱን ስትሰጠው ትንሹን፣ ትልቁን፣ አማካዩንና መሐለኛውን ይዘረዝርልሃል። ሥዕል ከመሥራት በፊት ይህን ማየት ጥሩ ልማድ ነው። 12 የነበረው 122 ሆኖ ቢገባ ትልቁ ላይ ወዲያው ይታያል፣ የስንተኛው መስመር እንደሆነም ይነግርሃል።

መስከረም 7፣ ረቡዕ ማታ

የዛሬው ጉዳይ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ከሥራው ሁሉ ይበልጥ ያስደሰተኝ ክፍል ነው፣ ትንሽ ልቆይበት።

ግኑፕሎት ቀን ያውቃል። የሚያውቀው ግን የፈረንጆቹን ብቻ ነው። «ሴት ኤክስዳታ ታይም» ካልከው ጃንዋሪ፣ ፌብሯሪ እያለ ይደረድርልሃል። ጳጉሜ የምትባል ወር ስለመኖሯ አልሰማም። ቀኖቹን ሁሉ ወደ ፈረንጅ መገልበጥ ቀላሉ መንገድ ይመስላል። ግን ሥዕሉ የማን ነው? አክስቴ ወተቱን የሸጡት በየካቲትና በመጋቢት ነው እንጂ በፌብሯሪና በማርች አይደለም። በፈረንጅ ወር የተቆረጠ ባር ለእሳቸው ምንም አይነግራቸውም። የእኛ ወር የሚገባው በፈረንጁ ወር ሁለተኛ ሳምንት አካባቢ ስለሆነ እያንዳንዱ ባር የሁለት ወር ቅልቅል ይሆናል።

የእኛ አቆጣጠር ለኮምፒውተር ከፈረንጁ ይልቅ ይመቻል። 12ቱ ወሮች ሁሉም 30፣ 30 ቀን ናቸው። 28 ነው፣ 31 ነው የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ቀመሩ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ ከወሩ ቁጥር 1 ቀንስ፣ በ30 አባዛ፣ ቀኑን ደምር፣ 1 ቀንስ። መስከረም 1 ዜሮ ይሆናል። የካቲት 17 ደግሞ 5 ጊዜ 30 ሲደመር 16፣ ማለትም 166። ያ ቀን በ2017 ዐቢይ ጾም የገባበት ሰኞ ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ፤ እሱ 221 ይሆናል። 221 ሲቀነስ 166 ይሆናል 55። የጾሙ ቀናት ቁጥር ልክ ገጠመ። ቀመሩ ትክክል መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያረጋግጥ ነገር የለም።

ወሩን መልሶ ማግኘት ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። የቀኑን ቁጥር ለ30 አካፍልና ቅሪቱን ጣል። ከ0 እስከ 11 ያሉት 12ቱ ወሮች ናቸው፣ 12 ስትደርስ ጳጉሜ ናት።

ከዚህ በኋላ ግኑፕሎት ራሱ ይደምርልሃል። «ስሙዝ ፍሪኩዌንሲ» የሚባለው ትእዛዝ በአንድ ወር ቁጥር ሥር ያሉትን ቀናት ሁሉ ይደምራቸዋል። «ዊዝ ቦክስስ» ስትጨምርበት ባር ሆኖ ይወጣል። አወጣሁት። 12 ረጃጅም ባሮች፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ድንክ። አክስቴ በትከሻዬ በኩል ሲያዩ ነበር። «ምነው፣ በጳጉሜ ላሞቹ ታመው ነበር እንዴ?» አሉ።

ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ጳጉሜ 5 ቀን ናት። የ5 ቀን ድምር ከ30 ቀን ድምር አጠገብ ሲቆም ሥዕሉ ባይዋሽም ያሳስታል። መፍትሔው አንድ ቃል ነው። «ፍሪኩዌንሲ» የሚለውን አውጥቶ «ዩኒክ» ማስገባት። «ስሙዝ ዩኒክ» ያው ወር ውስጥ ያሉትን ቀናት በአማካያቸው ይተካቸዋል። ባሩ አሁን የሚያሳየው በወር የታለበውን ሳይሆን በቀን በአማካይ የታለበውን ነው። ጳጉሜ ከነሐሴ እኩል ቆመች። በለቅሶ ምክንያት የተዘለሉት ቀናትም በዚህ መንገድ ወሩን አይጎዱትም።

ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ደባልቆ 12 ባር ማድረግም ይቻል ነበር። እሱን አልወደድኩትም። ጳጉሜ የራሷ ገበያ ያላት ናት፤ ለእንቁጣጣሽ ቅቤና አይብ የሚፈለግባት። ለብቻዋ ትቁም።

መስከረም 10፣ ቅዳሜ

ባር ቻርቱን በደንብ ወደ መሥራት ገባሁ።

አሁን የምፈልገው ድምሩን ብቻ ሳይሆን ሦስቱንም ክፍል ነው። ለዚህ «ኦክ» በሚባለው የትእዛዝ መስመር መሣሪያ የየወሩን አማካይ አውጥቼ በትንሽ ሠንጠረዥ አስቀመጥኩ። የመጀመሪያው ዓምድ የወሩ ስም ነው፣ ቀጥሎ ሦስቱ ቁጥሮች። ስሞቹ ከባሮቹ ሥር እንዲጻፉ «ኤክስቲክ(1)» ማለት ይበቃል፤ ከመጀመሪያው ዓምድ አንብቦ ይጽፋቸዋል። የዓምዶቹን ርእስም ከፋይሉ አናት እንዲወስድ ይደረጋል። አንድ ጥንቃቄ፦ ርእሱ ውስጥ የታች ሰረዝ ካለ ግኑፕሎት ቀጥሎ ያለውን ፊደል አሳንሶ ዝቅ ያደርገዋል። «ኖኤንሃንስድ» ሲባል ይተወዋል።

መጀመሪያ ባሮቹን ጎን ለጎን አደረግኳቸው። «ሴት ስታይል ሂስቶግራም ክላስተርድ» ነው ትእዛዙ። 13 ወር ሲባዛ በሦስት 39 ባር ነው። ገጹ ተጨናነቀ። የከፋው ደግሞ የጠየቅነውን ጥያቄ አይመልስም። እኛ የምንፈልገው ያው ወተት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው መሄዱን ማየት ነው። ለዚህ መደራረብ ይሻላል። «ክላስተርድ» በ«ሮውስታክድ» ተተካ። አሁን ለእያንዳንዱ ወር አንድ ባር አለ፣ በሦስት የተከፈለ። ከታች ሰብሳቢ፣ መሐል ጎረቤት፣ ከላይ እርጎ። የሰብሳቢውን ከታች ያደረግኩት አውቄ ነው። ከመነሻው የሚጀምረውን ክፍል ዓይን በቀላሉ ያወዳድረዋል፤ መሐል ያለውን ግን ማወዳደር ይከብዳል። ዋናው ጉዳይ መሬት መንካት አለበት።

የትኛው ቀለም የየትኛው ክፍል እንደሆነ የሚናገረው መግለጫ ላይ ያለው ቅደም ተከተል ከባሮቹ ተገልብጦ ይወጣል። «ሴት ኪይ ኢንቨርት» ያስተካክለዋል። የባሮቹን ስፋት «ሴት ቦክስዊድዝ 0.8 ሬላቲቭ» አልኩት፤ በመካከላቸው ትንሽ አየር እንዲኖር። የቁመቱን መስመር ደግሞ ከዜሮ እንዲጀምር በግልጽ አዘዝኩት። ይህ በባር ቻርት የማይታለፍ ነገር ነው። ባር የሚናገረው በርዝመቱ ነው፤ እግሩ ከተቆረጠ ትንሹ ልዩነት ተራራ ይመስላል።

ቀለሙን ተውኩት። ከተማው ውስጥ ያለው ማተሚያ ቤት በጥቁርና ነጭ ነው የሚያትመው። ሰብሳቢው ጥቁር ግራጫ፣ ጎረቤት ፈዘዝ ያለ ግራጫ፣ እርጎው ነጭ ከነጠርዙ። ነጭ መሆኑ ለእርጎ ይስማማዋል።

ፊደሉ ሌላ ጉዳይ ነበር። ሥዕሉን የማወጣው የሥዕል ፋይል በሚሠራው በ«ፒኤንጂ ካይሮ» ነው። «ሴት ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ8» ብሎ፣ የፊደሉን ዓይነት ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ብሎ መጥራት ይበቃል። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር ጥርት ብለው ወጡ። የግዕዝ ፊደል ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ በቦታቸው ባዶ ሳጥን ነው የሚታየው። አቢሲኒካ የሚባለው የፊደል ዓይነትም እንዲሁ ይሠራል፤ ለትንሽ ጽሑፍ ግን ኖቶ ወፈር ስለሚል ይነበባል። የወሩን ስም ሙሉውን ለመጻፍ «ሮቴት ባይ -45» ብዬ አዘነበልኩት። አሳጥሬ «መስ»፣ «ጥቅ» ብዬ ማየትም ሞክሬ ነበር። የወር ስም ሲቆረጥ አያምርም።

መስከረም 11፣ እሁድ

ጾሞቹን ከባሮቹ ጀርባ በፈዛዛ ጥላ ማሳየት ፈለግሁ። በዚህ ዓይነት ሥዕል የወሮቹ ቦታ ከ0 እስከ 12 ይቆጠራል፣ እያንዳንዱ ባርም በቁጥሩ መሐል ይቆማል። ስለዚህ የቀኑን ቁጥር ለ30 አካፍሎ ግማሽ መቀነስ ነው። ዐቢይ ጾም ከ5.03 እስከ 6.87 ሆነ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ ገና ታኅሣሥ 29 ስለሆነ ከ1.97 እስከ 3.43። ፍልሰታ ከ10.5 እስከ 11። ትእዛዙ «ሴት ኦብጀክት ሬክታንግል» ነው፣ መጨረሻው ላይ «ቢሃይንድ» ሲጨመርበት ከባሮቹ ኋላ ይሆናል።

የሐዋርያትንም ጾም ልቀባ ስል አክስቴ ከለከሉኝ። «እሱን ገበያው አያውቀውም» አሉ። ደብተሩን አየሁት፣ እውነታቸውን ነው። በዚያ ሰሞን ሰብሳቢው የሚወስደው አልተነካም። አልቀባሁትም።

ሥዕሉ አሁን መናገር ጀምሯል። የባሩ ጠቅላላ ቁመት በጾምም በፍስክም ብዙ አይለዋወጥም። የሚለዋወጠው ውስጡ ነው። በመጋቢት ታችኛው ጥቁር ክፍል ያጥራል፣ ላይኛው ነጭ ያድጋል። ያልተሸጠው ወተት እርጎ ሆኖ ይገፋል፣ ቅቤና አይብ ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ለውጡ አነስተኛ ነው። አክስቴ ሁለቱን ጾሞች እኩል ነበር የሚፈሯቸው።

መስከረም 14፣ ረቡዕ ማታ

ትንሹ ግራፍ።

ግኑፕሎት አንድ ገጽ ላይ ከአንድ በላይ ግራፍ የሚያስቀምጠው በ«ሴት መልቲፕሎት» ነው። ዋናውን ግራፍ ትሥላለህ። ቀጥሎ ሁለት ነገር ትነግረዋለህ፦ «ሴት ኦሪጅን» ትንሹ ግራፍ ከየት እንደሚጀምር፣ «ሴት ሳይዝ» ምን ያህል እንደሚሰፋ። ሁለቱም የገጹ ክፍልፋይ ናቸው። 0,0 የገጹ ታችኛው ግራ ጥግ ነው፣ 1,1 ላይኛው ቀኝ። እኔ መነሻውን 0.42,0.52፣ ስፋቱን 0.55,0.44 አደረግኩት። ድምራቸው ከ1 እንዳያልፍ መጠንቀቅ ነው፤ ካለፈ ከገጹ ይወጣል።

ከዚያ በፊት ግን ቦታ ያስፈልገዋል። የተደራረቡት ባሮች ዓመቱን ሙሉ እኩል ስለሚቆሙ ባዶ ጥግ የለም። ስለዚህ የዋናውን ጣሪያ ወደ 75 ሊትር ከፍ አደረግኩት። ባሮቹ ከገጹ ታችኛው ግማሽ አይወጡም፣ ላይኛው ግማሽ ለትንሹ ሆነ። ጎን ላይ ያሉት ቁጥሮች ግን 40 ላይ እንዲያቆሙ «ሴት ዋይቲክስ 0,10,40» አልኩ። ማንም ሰው 70 ሊትር የታለበ እንዳይመስለው። የጾሙንም ጥላ እስከ 40 ብቻ አደረስኩት፣ ትንሹ ግራፍ ሥር እንዳይገባ።

ትንሹን ከመሣል በፊት «ክሊር» ማለት አስፈላጊ ነው። በመልቲፕሎት ውስጥ ይህ ትእዛዝ የሚያጸዳው በኦሪጅንና በሳይዝ የተከለለውን ቦታ ብቻ ነው። ካልጸዳ የዋናው ግራፍ መስመሮች በትንሹ ውስጥ ያልፋሉ።

ቀጣዩን ነገር ጠጋ ብለን እንየው፤ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ግኑፕሎት የተነገረውን አይረሳም። ለዋናው ግራፍ የሰጠኸው ርእስ፣ መግለጫ፣ ቀስት፣ ጥላ፣ የጎን ጽሑፍ ሁሉ ለትንሹም ይደገማል። ርእሱ በትንሹ አናት ላይ እንደገና ይመጣል። በገጹ ልኬት የተቀመጠ ጽሑፍ ደግሞ እዚያው ቦታው ላይ ሁለት ጊዜ ይታተማል። ሲታይ ጽሑፉ ወፍሮ ጠርዙ ሻካራ ይሆናል፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ፊደሉን ሲቀያይር ይውላል። ስለዚህ በሁለቱ ግራፎች መካከል የ«አንሴት» ሰልፍ አለ፦ አንሴት ታይትል፣ አንሴት ኪይ፣ አንሴት ኦብጀክት፣ አንሴት አሮው፣ አንሴት ሌብል። ከዚያ አዲሱ «ኤክስሬንጅ»፣ አዲሱ «ዋይሬንጅ»። ሁሉንም በአንዴ የሚጠርግ «ሪሴት» የሚባል ትእዛዝም አለ። እኔ ግን አንድ በአንድ ማውጣቱን እመርጣለሁ፤ ኮማውንና ሌላውንም ቅንብር አብሮ ይጠርገዋልና።

ትንሹ ግራፍ ከ160 እስከ 230 ያሉትን ቀናት ነው የሚያሳየው። ሁለት መስመር አለው። ሰብሳቢው ሙሉ መስመር ከድፍን ነጥብ ጋር፣ ጎረቤት የተቆራረጠ መስመር ከክፍት ነጥብ ጋር። «ላይንስፖይንትስ» ያደረግኩት ለምክንያት ነው። ደብተሩ ላይ የተጻፈ ቀን ብቻ ነጥብ አለው፤ ነጥብ የሌለው ቀን ያልተጻፈ መሆኑ በግልጽ ይታያል።

ከሥሩ የቀን ቁጥር አልጻፍኩም። 165 ላይ «ቅበላ»፣ 193 ላይ «ደብረ ዘይት»፣ 221 ላይ «ፋሲካ» ብዬ ጻፍኩ። «ሴት ኤክስቲክስ» በቅንፍ ውስጥ ስምና ቦታ ይቀበላል። 214 ላይ «ሆሣዕና»ም ነበር፤ ከፋሲካ ጋር በጣም ስለተጠጋጉ ጽሑፉ ተነካካ፣ አወጣሁት። እነዚህ እሑዶች ለአክስቴ ከማንኛውም ቁጥር በላይ ቦታ ያሳያሉ።

በመጨረሻ ከዋናው ጥላ ወደ ትንሹ የሚወስድ ቀጭን መስመር ጨመርኩ። «ሴት አሮው» አንዱን ጫፍ በግራፉ ልኬት፣ ሌላውን በ«ስክሪን»፣ ማለትም በገጹ ልኬት መቀበሉ እጅግ ደስ ይላል። መነሻው የጾሙ መሐል፣ 5.95 ነው። መድረሻው የትንሹ ግራፍ ግርጌ። «ኖሄድ» ሲባል የቀስቱ ራስ ይቀራል። ይህች መስመር ባትኖር ትንሹ ግራፍ የየትኛው ክፍል ማጉያ እንደሆነ አይታወቅም ነበር።

«አንሴት መልቲፕሎት»፣ «አንሴት አውትፑት»። እነዚህ ሁለቱ እስኪባሉ ድረስ የሥዕሉ ፋይል አይጠናቀቅም።

መስከረም 18፣ እሁድ

መስቀል ትናንት ዋለ። ዛሬ ቤተሰቡ ገና አልተበተነም፤ ሥዕሉን በላፕቶፑ ለሁሉም አሳየኋቸው።

አክስቴ ባሮቹን አየት አድርገው አለፉ። ትንሹ ላይ ግን ቆሙ። እኔም ራሴ በጣም የተመለከትኩት እሱን ነበር። የሰብሳቢው መስመር ከቅበላ በኋላ ባሉት ቀናት ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፣ ከዚያ እስከ ጾሙ መጨረሻ ዝቅ እንዳለ ይቆያል። የጎረቤት መስመር ግን አብሮ አልወረደም። ጾሙ በገባ ሳምንት ገደማ ቀና አለ። ከደብረ ዘይት አንድ ሳምንት ቆይቶ ወደ ቦታው ተመለሰ።

አክስቴ ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳረፉ። «ይሄ ረመዳን ነው» አሉ። «ለአፍጥር ይወስዱ ነበር። ልጅየው ነበር በየማታው ጀሪካን ይዞ የሚመጣው።»

ቀኑን አየሁ። በ2017 ረመዳን የካቲት 22 ገባ፣ ኢድ አልፈጥር መጋቢት 21 ዋለ። በእኛ ቁጥር 171ና 200። መስመሩ ቀና ያለውና የተመለሰው ልክ በዚያ መሐል ነው። የወሩ ባር ይህን አላሳየንም። ከየካቲት የረመዳን ድርሻ መጨረሻ ላይ ያሉት 9 ቀናት፣ ከመጋቢት ደግሞ የመጀመሪያዎቹ 20 ናቸው፤ ከሌሎቹ ቀናት ጋር በየወሩ አማካይ ውስጥ ሟሙተው ጠፍተዋል። አማካይ የሚሸፍነውን ትንሹ ግራፍ ገለጠው። ትንሽ ግራፍ ገጽ ለማስጌጥ ከሆነ ባይኖር ይሻላል። እንዲህ ባሩ የማይለውን ሲናገር ግን ቦታው ይገባዋል።

እዚያው ሥዕሉ ላይ 171ና 200 ላይ ሁለት ቀጥ ያሉ ስስ መስመሮች አስገባሁ፣ በመሐላቸው «ረመዳን» ብዬ ጻፍኩ። አክስቴ ጎረቤቶቻቸውን ቀደም ብለው ሊያነጋግሯቸው አስበዋል። በጾሙ ወራት ሰብሳቢው ሳይወስደው ከሚቀረው ላይ የተወሰነው በርግጠኝነት የሚሄድበት ቤት ካለ የሚገፋው ያንሳል።

መስከረም 21፣ ረቡዕ ማታ

አክስቴ ሌላ ጥያቄ አመጡ። «ረቡዕና ዓርብስ?»

ይህ ለብቻው ትንሽ ባር ቻርት ሆነ። ቶሎ ነው ያለቀው። 2017 የገባው ረቡዕ ነው። ስለዚህ የቀኑ ቁጥር ለ7 ተካፍሎ ቅሪቱ ዜሮ ከሆነ ረቡዕ ነው፣ 2 ከሆነ ዓርብ። በግኑፕሎት ቅሪቱን የሚያወጣው የመቶኛ ምልክት ነው። ቅሪቱን እንደ ወሩ ቁጥር አድርጎ «ስሙዝ ዩኒክ» ማለት ነው፤ ሰባት ባር ይወጣል።

ረዣዥም ጾሞችን ግን ማውጣት ያስፈልጋል፤ በእነሱ ጊዜ ቀኑ ሁሉ ጾም ነው። በዓለ ሃምሳም ይወጣል፤ በዚያን ጊዜ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ከ74 እስከ 117፣ ከ166 እስከ 303፣ ከ330 እስከ 344 ያሉትን ቀናት በጥያቄ ምልክት በሚጻፈው ሁኔታ «ኤንኤኤን» (ቁጥር አይደለም ማለት ነው) አደረግኳቸው፣ ግኑፕሎት ይዘላቸዋል። የነነዌን 3 ቀናትም፣ ከ152 እስከ 154፣ አብሬ አወጣሁ።

የወጣው ሥዕል ቀላል ነው። የሰብሳቢው ባር ሰባቱንም ቀን እኩል ነው፤ የዛሬ ወተት ነገም ይሸጣልና። የጎረቤቱ ግን ረቡዕና ዓርብ ዝቅ ይላል፣ ቅዳሜ ከሁሉም ከፍ ይላል።

ለ2018 ፋይሉ ተከፍቷል። ዓመቱ የገባው ሐሙስ ስለሆነ የሳምንቱ ቁጥር በአንድ ይገፋል። በስክሪፕቱ፣ ማለትም በትእዛዞቹ ፋይል፣ አናት ላይ የሚለወጡትን ነገሮች ሁሉ አንድ ላይ ሰበሰብኳቸው። ጾሙ የሚገባበት 158፣ የካቲት 9 ማለት ነው። ፋሲካ 213፣ ሚያዝያ 4። ከታች ያሉት የዐቢይ ጾም ጥላ፣ ወደ ትንሹ የሚወስደው መስመርና የትንሹ ግራፍ ዳርቻዎች ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ይሰላሉ። የረመዳንን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ፤ ጨረቃዋ ስትታይ አክስቴ ደውለው ይነግሩኛል።